የልጄን ሮኬት በትርጉም ጣልኩት

እናንተ፣ ዛሬ ስሜን ቀይሬ ከጀብራ ሰፈር ልጠፋ ምንም አልቀረኝም!

ኧረ አትሳቁ። ገና ምኑን ሰማችሁና!

ለማታውቁኝ፣ እኔ እዚህ ካርቱም፣ ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ ሙከይፍ የምጠግን ሐበሻ ነኝ። ሙከይፍ ማለት ያው ኤሲ ነው። በዚህ በካርቱም ሙቀት እኔ ከሌለሁ ግማሹ ሰፈር ያልቅለታል። ጋዝ እሞላለሁ፣ ኮምፕረሰር እፈታለሁ፣ ግፊት እለካለሁ። ስለ ጋዝና ስለ ግፊት ለእኔ ማንም አይነግረኝም የምል ሰው ነበርኩ።

እስከ ዛሬ ረፋድ ድረስ!

ልጄ ሊዲያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እዚሁ ካርቱም ነው የተወለደችው። አማርኛ ሲሆን መናገሩ ላይ ምላሷ ይታሰራል። እኔና ሚስቴ ሰብለ በአማርኛ እናወራታለን፣ እሷ በዐረብኛ ትመልሳለች። ቤታችን እንዲህ ተግባብቶ ይኖራል።

ዓርብ ዓርብ ጀብራ ውስጥ የሐበሻ ልጆች የሳይንስ ክለብ አለ። ቲቸር ሄለን የምትባል ትዕግሥተኛ ልጅ ናት የምታስተምራቸው። የዘንድሮው ርዕስ ሮኬትና የጠፈር ጉዞ ሆነ።

እንግዲህ ልጄ በሮኬት አበደች! ቤት ውስጥ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ጠፋ፣ ሁሉም ክንፍ አወጣ። ማታ ጣሪያ ላይ ስንወጣ ጨረቃን እያየች "ባባ፣ እዚያ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል?" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "ኢንሻላህ ትደርሻለሽ የኔ እናት" እላታለሁ። የጠየቀችኝ ግን እሱን አልነበረም።

ዛሬ የክለቡ መዝጊያ ነበር። ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ አንድ ኢንጂነር በእንግድነት ተጋብዟል። ልጆቹ ተራ በተራ ሮኬት ለምን እንደሚነሳ ያስረዱታል፣ ከሁሉም አብልጦ ያስረዳ ልጅ ደግሞ ገመድ ስቦ ትልቁን የውሃ ሮኬት ግቢ ውስጥ ያስወነጭፋል።

ሊዲያ የፈለገችው ይህንኑ ነው። ያንን ገመድ መሳብ! ሰሞኑን መስታወት ፊት ስትለማመድ ነው የከረመችው። ጠዋትማ "ያላ ባባ! ያላ!" እያለች ቁርሴን አስጣለችኝ።

ችግሩ፣ ኢንጂነሩ ዐረብኛ አይሰማም። ቲቸር ሄለን ደግሞ ትልቁ ሮኬት ውስጥ አየር ለመሙላት ግቢ ውስጥ ከብስክሌት መንፊያው ጋር ትታገላለች። "አማርኛ የሚከብደው ልጅ ካለ ወላጁ ያስተርጉምለት" ብላ ነው የወጣችው።

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! የልጄ ስም ሳይጠራ እኔ ብድግ።

ሊዲያ ጠርሙሷን ይዛ ወጣች። ምንም አልፈራችም። በዐረብኛ፣ ቀስ ብላ፣ በእጇ እያሳየች አስረዳች። ሮኬቱ ውሃውን ወደ ታች ይወረውራል፣ ውሃውም መልሶ ሮኬቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። እውነተኛው ሮኬት ደግሞ በውሃ ፈንታ ጋዝ ይወረውራል። የሚወረውረውን ራሱ ተሸክሞ ስለሚሄድ አየር በሌለበት ጠፈር ውስጥም መሄድ ይችላል።

ይቺን ነው ያለችው።

እኔ ግን በልቤ "ወይኔ ልጄን! ተሳሳተች!" አልኩ። የተወረወረ ነገር እንዴት አድርጎ ወርዋሪውን ይገፋል? መሬቱን ነው እንጂ የሚገፋው! ይሄ እኮ ለማንም ያስታውቃል! በሰው ፊት ልትዋረድብኝ ነው፣ ላድናት እንጂ!

እናም አስተካክዬ ተረጎምኩላት።

አዎ። አስተካክዬ።

"ልጄ የምትለው" አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ውሃው መሬቱን ሲመታው፣ መሬቱ ሮኬቱን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል።"

ኢንጂነሩ ግር አለው። ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዲያውም ሊረዳት ፈልጎ "እሺ ሊዲያዬ፣ ጠፈር ላይ ሲደርስስ? እዚያ መሬትም የለም፣ አየርም የለም። በምን ተገፍቶ ይሄዳል?" አላት።

አያችሁ? መልሱን እኮ ቀድማ ተናግራዋለች! ልትደግምለትም አፏን ከፍታለች።

ቀደምኳት።

ኧረ እናንተስ? እንግዳ ልጃችሁን "ስንተኛ ክፍል ነሽ?" ሲላት ማነው የሚመልሰው? "ስምሽ ማነው?" ሲላትስ? እኛው አይደለን እንዴ! ይሄው አመል ነው የያዘኝ።

"እዚያማ ብርድ ነው" አልኩ፣ በሙሉ የሙከይፍ ልምዴ። "ኮምፕረሰሩ ይጠፋና በዚያው ይንሳፈፋል።"

የምን ኮምፕረሰር?! ስለ ኮምፕረሰር ማን ጠየቀኝ?!

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቶቹ አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ልጆቹማ "ኮምፕረሰር! ኮምፕረሰር!" እያሉ ወንበር መደብደብ ያዙ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለበት አልኩ።

ሊዲያ አልሳቀችም። ቀና ብላ አየችኝና በጣም በቀስታ "ያ ባባ፣ አና ማ ጉልታ ኪዳ" አለችኝ። እኔ እንደዚህ አላልኩም ማለቷ ነው።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች እኮ! ስለማትናገረው የማትሰማው መስሎኝ ነው ወይስ ምን ነክቶኝ ነው? አጠገቧ ቆሜ የእሷ ያልሆነ ነገር በእሷ ስም ስናገር አንድም ቃል አላመለጣትም።

ሄዳ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይባስ ብሎ በዚያ ሰዓት እንኳ ያጠፋሁት ኮምፕረሰሯን ብቻ መስሎኛል!

ቀጥሎ ኪሩቤል የሚባል ልጅ ወጣ። ከአገር ቤት የመጣው በቅርቡ ስለሆነ አማርኛውን ያንቆረቁረዋል። "ሮኬቱ ውሃውን ወደ ታች ይወረውራል፣ ውሃውም መልሶ ሮኬቱን ይገፋዋል" ብሎ ጀመረ። ጠፈሩንም፣ ጋዙንም፣ ሁሉንም እንደ እሷ አስረዳ።

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነስቶ "ትክክል!" አለ። ቤቱ በጭብጨባ ደመቀ።

እኔን ላብ አጠመቀኝ። በስመ አብ! የልጄ መልስ ነው እኮ!

አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? የት አባቴ! እጄን አውጥቼ "ኢንጂነር! ልጄም ያለችው ይህንኑ ነው! እኔ ነኝ ያበላሸሁት!" ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ እንደገና ሳቀ። ከኋላዬ አንድ አባት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ ወንድሜ፣ የሁላችንም ልጆች ጎበዞች ናቸው" አለኝ። አንድ ጊዜ እውነቱን ብተረጉም የሚያምነኝ ጠፋ!

ኢንጂነሩ ግን ደግ ነው አላልኳችሁም? ወደ ሊዲያ ጎንበስ ብሎ "በዐረብኛም ቢሆን እንደገና ልትነግሪኝ ትፈልጊያለሽ? ቲቸርን እጠራታለሁ" አላት።

አንገቷን ደፍታ ራሷን ወዘወዘች። አልፈልግም። እኔ እሷን ብሆን እፈልግ ነበር? እኔም አልፈልግም።

ግቢ ወጣን። ኪሩቤል ገመዱን ሳበ፣ ሮኬቱም ውሃ እየረጨ ከጎረቤቱ የውሃ ታንከር በላይ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሊዲያም እጄን ይዛ፣ አንገቷን አቅንታ፣ አፏን ከፍታ በዓይኗ ተከተለችው። ለአፍታ ማዘኗን ረስታው ነበር። ሲወድቅ ትዝ አላት መሰለኝ፣ እጄን ለቀቀችው።

ወደ ቤት በረክሻ፣ ያው በባጃጅ ተሳፈርን። "ማዕሌሽ ማማዬ" አልኳት፣ ይቅርታ ማለቴ ነው። እዚህ አገር አውቶቡስ ውስጥ እግር የረገጠም ማዕሌሽ ነው የሚለው። እሷም "ማዕሌሽ" አለችኝ፣ እግሯን የረገጥኳት ይመስል። አይስክሬም ገዛሁላት፣ ሳትቀምሰው እጇ ላይ ፈሰሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? በአይስክሬምም አይታሽም!

ሰብለ ከበር ተቀበለችን። "እህ ሊዱዬ! እንዴት ነበር? ምን አልሽ? ንገሪኝ እስቲ!"

እባካችሁ አትርገሙኝ። አፌን ከፈትኩ! "ጥሩ ነው የተናገረችው፣ ብቻ..."

"እሷን ነው የጠየቅኳት!" አለችኝ ሰብለ።

ሊዲያ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል፣ በአማርኛ፣ ያውም ምላሷ ሳይታሰር፣ "ባባን ጠይቂው። የእኔን የሚናገረው እሱ ነው" አለችና ወደ ክፍሏ ገባች።

ስንት ዓመት ሙሉ አማርኛ ተናገሪ እያልኩ ስጨቀጭቃት ኖሬ፣ የተናገረችልኝ ይህንን ነው።

ይኸው በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ፌስቡክ ላይ እንደ ሞኝ እጽፋለሁ። ሰብለ ውስጥ ገብታ አብራት ተቀምጣለች። ማታ እኔም እገባለሁ፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን እንጃ!

እስቲ ልጅ ያላችሁ እርዱኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይቅርታ የሚጠየቀው እንዴት ነው? እናንተ ግን እንዳትመልሱልኝ! ልጆቻችሁን ጠይቁና ያሉትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።

እባካችሁ፣ ሳታስተካክሉ!