ጋሽ ወልደሥላሴ የፈሩበት ቁልቁለት

እናንተ እግራችሁ ቢሰበር አንገቱ ተሰብሮ የዳነ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። እናንተን ውሻ ከነከሳችሁ እሱን ነብር ነክሶታል፤ እናንተን ጎርፍ ሊወስዳችሁ ከነበረ እሱን ወስዶ መልሶታል። ለቦንጋ የደረሷት የተከበሩት ጋሽ ወልደሥላሴ ናቸው፤ የቀድሞ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር፣ የገደል አማካሪ፣ የሀኪማ ሻይ ቤት የአደጋ ጉዳዮች ኃላፊ።

በዚያን ጊዜ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ ግምገማ ተቀምጠን እንውልና ማታ ከሥራ ስንወጣ ወደ ሀኪማ ጎራ እንላለን። እዚያም ሌላ ግምገማ ይጠብቀናል፤ የሚገመገመው ማን ለሞት የበለጠ እንደቀረበ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ወልደሥላሴ፣ ውሳኔያቸውም ሁልጊዜ አንድ ነበር። «እሱማ ሽርሽር ነው።»

እኔ ጭቃ አንሸራቶኝ እጄ ተሰብሮ፣ በጀሶ ታስሬ ስገባ ቢያንስ «እግዜር ይማርህ» ጠብቄ ነበር። «እሱማ ሽርሽር ነው» አሉና የቢታ ገነት ጉዟቸውን ይተርኩልኝ ጀመር። የመኪናዋ የፊት ጎማዎች ገደል ላይ ተንጠልጥለው፣ እሳቸው ሚዛኑ እንዳይዛባ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ ምሳቸውን በልተው፣ ትንሽም አሸልበው፣ ትራክተር መጥቶ ጎተታቸው። ሀኪማ ደግሞ አንድ ቀን መንታ ልጆቿን ጅማ ሳትደርስ ሚኒባስ ውስጥ እንደወለደች ነገረቻቸው። ጥቂት አሰቡ። «ሚኒባሱን ማን ነበር የሚነዳው?» አሉ። «ምስኪን፣ እንዴት ተጨንቆ ይሆን!»

አንድ ተቀናቃኝ ግን ነበራቸው፤ ከደካ በኩል የመጡት ጋሽ ዓለሙ። ሥራቸው ቀፎ መስቀል ነው። ገመዱን ከወገባቸውና ከግንዱ አዙረው፣ ጫፉ የማይታይ የቀረሮ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፏቸውን ይሰቅላሉ፤ ማሩ ሲደርስ ጭስ ይዘው ተመልሰው ይወጣሉ። ወሬያቸው አጭር ነው። «ቅርንጫፉ ተሰበረ። ገመዱ ያዘኝ» ይሉና ሻያቸውን ይጠጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ «መሬት ለመሬት የሚሄድ ሰው ስለ መውደቅ ምን ያወራል?» ብለው ጋሽ ወልደሥላሴን ያንጨረጭሯቸዋል። አንዱ የቀረ ዕለት ግን ሌላው ሻዩን ሳይጨርስ ነው የሚነሳው።

አንድ ግንቦት ላይ ጋሽ ዓለሙ እያነከሱ መጡ። ባለፈው ዓመት ከዛፍ ላይ ተንሸራተው ለጥቂት ነበር የተረፉት፤ ያኔ የተመታው ጉልበታቸው አገርሽቶባቸዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ተሾመችም ዳግመኛ እንዳይወጡ አስምለዋቸዋል። በእምነት የሚባለው የወንድማቸው ልጅ ሥራውን ሊረከብ ዝግጁ ነበር። ታዲያ አንድ ማር ነጋዴ፣ ክፋት አስቦ ሳይሆን ለጨዋታ ያህል፣ «አባባ፣ እንግዲህ ዛፉን ከታች ሆነው ነው የሚያዩት» አላቸው።

ጋሽ ዓለሙ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ነገ እወጣለሁ» አሉ። «ትልቁን ቀረሮ። የፈለገ መጥቶ ይይ።»

«ጋሽዬ፣ ጉልበትዎ እኮ…» አለች ሀኪማ።

«ነገ አልኩ።»

ሁላችንም ወደ ጋሽ ወልደሥላሴ ዞርን። «እሱማ ሽርሽር ነው» ካሉ ሰውዬው ወጥተው ምናልባትም በእግራቸው እንደማይወርዱ አውቀናል። «አትውጣ» ቢሉም ያው ነው፤ ጋሽ ዓለሙ የተከለከሉትን ነገር አይተዉም።

«ዓለሙ» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ፣ «መኪና መንዳት ለምን እንደተውኩ ነግሬህ አላውቅም።»

«ጡረታ ወጥተህ ነዋ።»

«አይደለም። የጎጀብን ቁልቁለት ስወርድ እግሬ ፍሬን ላይ ተንቀጠቀጠ። መኪናዋ ምንም አልሆነች፤ እኔ ነኝ። ዳር አቆምኩና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሌላ ሾፌር ነው ያወረደልኝ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም። ፈራሁ።»

ሌላውን ሲገመግሙ እንጂ ግለሂስ ሲያደርጉ የሰማቸው ሰው አልነበረም። ጋሽ ዓለሙ ጉልበታቸውን አሹ።

«እኔንም ዛፍ ላይ ስሆን ያንቀጠቅጠኛል» አሉ። «ለተሾመች አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው በእምነት ይውጣ። አንተ ከታች ሆነህ እዘዘው።»

«ይውጣ» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ያቺ ኤንትሬ የኛ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበረች። በጨረታ የተሸጠች ዕለት መሪውን ጨብጠው «አልወርድም» ያሉትን ጋሽ ወልደሥላሴን ለምነን ያወረድናቸው እኛው ነን። እስከዚያች ቀን ድረስ የጎጀብን ቁልቁለት እያፏጩ ነበር የሚወርዱት። ሰው ራሱን ትልቅ ለማድረግ ሲዋሽ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ከእሳቸውም ጭምር። ራሱን ለማሳነስ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ጋሽ ዓለሙ ታሪኩን ወደዱት። እንግዳ ሾፌር ሻይ ቤት በገባ ቁጥር ያወሩለታል። አንድ ቀን አንድ የኢሱዙ ሾፌር ስለ ጎጀብ ጭቃ ሲጎርር ሰሙና የጋሽ ወልደሥላሴን ትከሻ በፍቅር መታ መታ እያደረጉ፣ «ይሄ ወንድሜ እኮ እዚያ ላይ አልቅሷል» አሉት።

ወጣቱ ሾፌር ሳቁን ዋጠ። ጋሽ ወልደሥላሴ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የጋሽ ዓለሙን ጉልበት አዩና መልሰው ዘጉት።

«አዎ» አሉ፣ «ክፉኛ ነው የፈራሁት።»