ራሱን ሲገመግም የሚኖር ሰው

ስብሰባው ካለቀ በኋላም ራሱን ሲገመግም የሚኖር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቦንጋ ቢሮ ስሠራ እንዲያ ነበርኩ። ወደ ደካ መሄድ የነበረበትን ደብዳቤ በስህተት ወደ ሺሺንዳ ላክኩና በግምገማው ላይ ተነሥቼ ግለ ሂስ አደረግኩ። ሁሉም ወዲያው ረሳው። እኔ ግን ለወራት "አንተ ዝርክርክ" እያልኩ ራሴን ስሰድብ ከረምኩ፤ ፖስታ ባየሁ ቁጥር አድራሻውን አሥር ጊዜ ማንበብ ጀመርኩ። ሲብስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ምክር የምትሰጠው ሲስተር አልማዝ ሰምታኝ ስታበቃ፣

"ጋሽ ታደሰ፣ ጓደኛዎ እንዲህ ቢሳሳት ምን ይሉታል?" አለችኝ።

"አይዞህ፣ ሰው ነህ እለዋለሁ።"

"እስቲ ለራስዎ ይበሉት።"

ስብሰባው ሳያጸድቀው ራስን ይቅር ማለት ይፈቀዳል እንዴ?

"አይዞህ ታደሰ፣ ሰው ነህ" አልኩ በሹክሹክታ። እንባዬ መጣ። ወዲያው ግን ዞሬ በሩን አየሁ፤ የሰማኝ ይኖር ይሆን ብዬ።