አይቸኩሌ እና የእናቴ አምፕሊፋየር

ዕቃ ጠጋኝ ሁሉ ውሸታም ነው ይባላል። «ነገ ና» ይልሃል፤ ስትሄድ ሌላ ነገ ይቆይሃል። የሰፈራችን ጠጋኝ፣ የተከበሩ አይቸኩሌ፣ ግን አይዋሹም። «መቼ ልምጣ?» ስትላቸው፣ «ሲያልቅ» ይሉሃል። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው።

የእናቴ ጆሮ ከደከመ ወዲህ፣ የሳሎኑ ትልቅ አምፕሊፋየር ካልጮኸ በቀር ዘፈን አይሰማትም። አንድ ቀን እሱ ተቃጠለና ዝም አለ። እሷም አብራው ዝም አለች፤ ስናወራ ከንፈራችንን እያየች መስኮት አጠገብ ትውላለች። ተሸክሜው ወደ አይቸኩሌ ሱቅ ሄድኩ።

ክዳኑን ከፍተው እንደ ተኛ ሕፃን አዩት። አቧራው በፀሐይ ጨረር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖች መደርደሪያው ላይ ያንቀላፋሉ።

«ይሄውልህ ልጄ፣ ትራንዚስተሩና ማቀዝቀዣ ብረቱ መነካካት የለባቸውም። መሃላቸው ሚካ የሚሉት፣ እንደ መስታወት የጠራ ስስ ልጣጭ ይገባል፤ ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪኩን ያግዳል። ከእኔ በፊት የጠገነው ሰው የተቀደደውን ሚካ መልሶ ከቶበታል፤ የተቃጠለውም ለዚህ ነው።»

«ታዲያ አዲስ ያስገቡበታ።»

«ቀስ በል።»

ትራንዚስተሩን በሁለት ቀን ቀየሩት። ሚካው ላይ ግን ተኙ። በሳምንቱ ስሄድ አንዱን ወደ ብርሃን አንስተው «ስንጥቅ አለው» አሉኝ፤ ለእኔ አልታየኝም። በሁለተኛው ሳምንት ሌላው ወፍሮባቸዋል። በሦስተኛው፣ ከአሮጌ ካውያ ሆድ ያወጡትን ሚካ በምላጭ ጫፍ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲገልጡ አገኘኋቸው። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ እናቴ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆናለች» ብዬ ነገሩን ሁሉ አወራኋቸው።

ምላጩን አስቀመጡ። «ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎት ይቸኩሉ ነበር?»

«አልቸኩልም። እመጣ ነበር እንጂ።»

በማግስቱ ከሰዓት፣ ሚካውን ገጥመው አምፕሊፋየሩን ታቅፈው ቤታችን መጡ። ሰክተው አበሩት። የድሮ ዘፈን ቤቱን ሞላው፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቀስ እያለች ትወዛወዝ ጀመር። አይቸኩሌ መዳፋቸውን ከኋላ ባለው ማቀዝቀዣ ብረት ላይ አድርገው ተቀመጡ። እናቴም መጥታ እጇን አጠገባቸው አኖረች።

«ሞቀ» አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስትናገር አልሰማኋትም።

ወደ ጆሮዋ ተጠግተው፣ «ይሙቅ፤ ብቻ አይቃጠል» አሏት።

እንደዚያው ሆነው ብዙ ቆዩ። ፀሐይዋ ከምንጣፉ ወደ ግድግዳው ስትወጣ ሊሄዱ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ደቂቃ አዛንፎ የማያውቀውን የግድግዳ ሰዓት አሳየኋቸው።

«ይሄም ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል መሰለኝ።»

ጆሯቸውን አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። «ምንም አልሆነም» አሉ። ከዚያ እናቴን አየት አደረጉና፣ «ለማንኛውም ሐሙስ መጥቼ ደግሜ ባየው ይሻላል» አሉኝ።