ለአበባ የተላኩ ሽማግሌዎች

ከሰው ይልቅ ለአበባ ጥላ የሚሰጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ያውም ጥላ እንደ ዘመድ በሚናፈቅበት በሱዳኗ ገዳሪፍ!

ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ በዘይት ቆርቆሮ የተከሏት ሃይድራንጃ የምትባል አንዲት አበባ አለቻቸው። በበጋው ሐሩር ጥላው ቤቱን ሲዞር፣ እሳቸውም ቆርቆሮዋን ታቅፈው አብረው ይዞራሉ። ኸሪፍ በሚሉት ክረምት ዝናቡ ጥቁሩን መሬት ሲያጨቀየው ጡብ ላይ ያወጧታል። ሙቀቱ በረድ ሲል የደረቀውን ይቀነጥቡላታል። መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ውሃ አንድ ቀን ከዘገየባት የምትጠወልግ አበባ እዚህ ልታብብ?

የወንድሜ ልጅ የሳቸውን ልጅ ወደደና ሦስት ሆነን ሽማግሌ ሄድን። እንደ ወጉም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልን።

«ደግ አደረጋችሁ» አሉና ጥላ ሥር የነበረውን ወንበር ለአበባዋ ሰጧት።

ልቆጣ አፌን ስከፍት አየኋት። የሕፃን ራስ የሚያክል ሮዝ ቀለም ያለው አበባ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንዲት ቅጠሏ እንኳ ሳትዝል! አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመን የመጣንበትን ረሳነው። «ልጅቷን ልትጠይቁ አይደል እንዴ?» ብለው ያስታወሱን እሳቸው ናቸው። ጠየቅን፤ ወዲያው ፈቀዱ።

ልንወጣ ስንል ደፈር ብዬ «ከአበባዋስ አንዲት ቅርንጫፍ ቢሰጡን?» አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። «ለእሷ ሌላ ቀን ሽማግሌ ላኩ።»

በሳምንቱ ሄደን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ለመንን። «ዘመድ ላማክር» ብለው ቀጠሮ ሰጡን።

ለልጃቸው እኮ ማንንም አላማከሩም!