ፊደል ያልቆጠሩት መርል የነብሩን ጅራት ያነበቡበት እሑድ

በጌታ ክሬግ ዘመነ ሥልጣን በሦስተኛው ዓመት፣ በነብሩ ቤት ፊት ያለው አግዳሚ እንጨት በተላቀቀ በአራተኛው ወር፣ ጥር በባተ በመጀመሪያው እሑድ፣ የኩዊንስላንድ ፀሐይ አስፋልቱን እንደ ቅቤ ባቀለጠችበት ቀን፣ በዋትል ክሪክ የአራዊት ማቆያ የሆነው ሁሉ ይህ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሰፈረችው ግን አንዲት መስመር ናት፤ እርሷም «የጽዳት ክፍል ትብብር አድርጓል» ትላለች። ክፍሉ እኮ ወይዘሮ መርል ፓስኮ ብቻ ናቸው! እንግዲህ መዝገቡ የዘለለው እዚህ ይጻፍ።

እኒህ ወይዘሮ መርል፣ ሊቀ መጥረጊያ፣ ድል አድራጊተ ማስቲካ፣ በከብት ነጂዎች ድንኳን አድገው የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ፣ የነብሩን መንገድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠረጉ፣ አራት ሥራ አስኪያጅ ሸኝተው አምስተኛውን ችለው የያዙ ናቸው። አግዳሚው ሲላቀቅ አይተው ለዚሁ ለአምስተኛው፣ ለጌታ ክሬግ፣ አመለከቱ። ጌታ ክሬግም፣ ባለ ሁለት ዲግሪው፣ ሸሚዘ ነጩ፣ ሜትራቸውን ይዘው ወረዱና ለክተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «እማማ መርል፣ አይጨነቁ። ከሽቦው አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ደንቡ ይኸው ወረቀቱ ላይ አለ። እርስዎ ቅጠልዎን ይጥረጉ።» ወይዘሮ መርል በገዛ ገመዳቸው እንጨቱን ቢያስሩት፣ ለፎቶ አያምርም ተብሎ ገመዱ ተፈታ።

በዚያም እሑድ ረፋድ ላይ የከተማው የእግር ኳስ ቡድን አምበል ላክላን ድሩሪ ዘመተ። አብረውት የዘመቱት እነዚህ ናቸው፦ አፍንጫቸው በፀሐይ የተላጠ ተከላካዮች፣ በነጠላ ጫማ የሚያነክስ በረኛ፣ ስልኳን በእንጨት ጫፍ ሰቅላ የምትሄድ እጮኛው፣ የእጮኛው እናት፣ የእናትየዋ ጃንጥላ፣ ቁጥሩ ያልታወቀ የጥብስ ድንች ከረጢት። «ከአግዳሚው አትለፉ» በሚለው ሰሌዳ ላይ ላብ ያራሰውን ካናቴራቸውን አሰጡበት። ከዚያም ጃምቢ የተባለውን ነብር፣ ባለ መስመሩን፣ ጥላ ሥር ተኝቶ ማንንም ያልነካውን፣ አግዳሚውን እየደበደቡ አጓሩበት፤ ድንችም ወረወሩበት። እርሱም አንድ ዓይኑን ገልጦ ከደነው። በመጨረሻ ላክላን በተላቀቀው እንጨት ሥር ሾልኮ ገባና በእጁ የያዘውን ሶሴጅ በሽቦው ቀዳዳ ከነጣቱ ዘረጋ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ መርል ከጥግ ብቅ ብለው፣ መጥረጊያቸውን እንደ ጦር አንሥተው አወጁ፦ «አንተ! ባለ ሶሴጅ! ጣትህን አውጣ! በአምስት ጣት ገብተህ በሦስት ስትወጣ ለእናትህ የማረዳት እኔ ነኝ!»

የላክላን ሠራዊትም ከወዲያ አወጀ፦ «ማዘር፣ ተረጋጊ! ድመት እኮ ነው!»

«ድመት ከሆነ ቤትህ ወስደህ ጭንህ ላይ አስተኛው!» ብለው፣ የመጥረጊያውን ራስ በቁምጣው ቀበቶ አስገብተው፣ በሰባ አንድ ዓመት ጉልበታቸው ጎትተው በጀርባው ጣሉት። ጃምቢም ከጥላው ዘሎ፣ ጥፍሩን ከሽቦው ብቅ አድርጎ፣ የላክላን ጣት በነበረበት ቦታ ሶሴጁን ዘነጣጥሎ ወደ ጥላው ተመለሰ። ላክላን መሬት ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካካቸው፤ የእጮኛው እናት ብቻ «እግዚኦ» አለች።

ጩኸቱን ሰምተው ጌታ ክሬግ በሬዲዮናቸው እያወሩ ደረሱ፤ አግዳሚው ላይ ተደግፈው፣ ጀርባቸውን ለሽቦው ሰጥተው፣ ሕዝቡን ሊያረጋጉ እጃቸውን አነሡ። ከኋላቸው ጃምቢ ተነሥቶ ቀረበ፤ ዞረ፤ ጅራቱን ሽቅብ አቆመ። ሕዝቡም «እኛን ፈራ! ጀርባውን ሰጠን!» ብሎ ሳቀና ለፎቶ ተጠጋ። የነብር ጅራት አይያዝም፣ ከተያዘም አይለቀቅም ያሉ አበው፣ ጅራቱ ከተነሣ ነብር ኋላ ስለሚቆም ሰው የተናገሩት የለም፤ ይህን ሳይጽፉ ለወይዘሮ መርል ትተውላቸዋል።

ወይዘሮ መርልም ሦስተኛውን አዋጅ አወጁ፦ «ክሬግ! ዞር በል! ጅራቱን አንሥቷል!»

ጌታ ክሬግ ግን አልዞሩም፤ ፈገግ ብለው አወጁ፦ «ውድ ጎብኚዎቻችን፣ እማማ መርል ትንሽ ደንግጠዋል። ይህ ርቀት በሳይንስ ተረጋግጦ—»

የተቀረውን ነብሩ ጨረሰው። ሽንቱ በሽቦው አልፎ፣ አንድ ሜትር ተኩሉን አልፎ፣ ወረቀቱንና ደንቡን አልፎ፣ ነጩን ሸሚዝ ከአንገት እስከ ወገብ አለበሰ፤ ተርፎም ከፊታቸው ቆሞ የሚስቀውን ተከላካይ አፍ አገኘ። ሕዝቡ ካናቴራውን ጥሎ ሸሸ። ወይዘሮ መርል የውኃውን ጎማ ጎትተው አለቃቸውን አጠቡ። ያን ዕለት፣ ውኃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ ጌታ ክሬግ አግዳሚው ነገ ይሠራል ብለው ነበር።

ስለዚህ ክብር ለመርል ይሁን፤ የአሥር ጣት አዳኝ፣ የጅራት አንባቢ፣ ነብር እንኳ ሲያልፉ ጆሮውን የሚያዘነብልላቸው፣ ነገሥታት በፈረስ ያላገኙትን በመጥረጊያ ያገኙ!

ሰኞ ጠዋት ግን አግዳሚው እንደ ተላቀቀ ነበር፤ መዝገቡ ላይም ያቺ መስመር ተጽፋ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ስታነብላቸው ወይዘሮ መርል መጥረጊያቸውን ይዘው፣ በር ሳያንኳኩ፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ሽታው ካልወጣው የጌታ ክሬግ ቢሮ ገቡና የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«ስማኝ ክሬግ። ትናንት እኔ ባልኖር የዚያ ልጅ ጣት ዛሬ በባልዲ ነበር የሚለቀመው፤ የምለቅመውም እኔው ነኝ። እስከ ቅዳሜ አግዳሚውን አርቅልኝ። ሜትርህን ተወው፤ ከሽቦው ተነሥተህ እዚያ የሳቀው ልጅ እስከቆመበት ድረስ ለካ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ጨምር። እስኪሠራ ድረስ ወንበሬን እንጨቱ በተላቀቀበት ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ቅጠሉን አንተ ጥረግ። ይችን መስመር ደግሞ ሰርዝና ስሜን ጻፍ። መርል ፓስኮ። ፊደሉን እኔ አላውቀውም፤ አንተ የተማርከው ለምን ሆነና? ጻፍ። እያየሁህ ጻፍ።»