ሐረግ የለበሰው ቁልፍ

ስሙን ብንጠራው ሌሎች መሥሪያ ቤቶች በቅናት እንዳያርሩ ብለን የማንጠራው፣ ከንፋስ መውጫ ወዲያ ማዶ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። አንድ ቁልፍ አስውቧል።

ቁልፉ የበር አይደለም፤ የኮምፒውተር ነው። ባለሙያው እንየው የቢሮውን ደብዳቤና የገበሬውን የምርጥ ዘር መውሰጃ ወረቀት የሚያወጣ ፕሮግራም ሲሠራ፣ ስክሪኑ ላይ «አትም» የምትል ግራጫ ቁልፍ አስቀምጦ ነበር። ሲነኳት ወረቀቱ ከች ይላል። ኃላፊው አቶ መሐሪ ግን ገና ሲያዩዋት ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቺ አመዳም የመሥሪያ ቤታችንን ገጽታ ትመጥናለች?»

«ፈጣን ናት እኮ ጋሼ። ኮምፒውተሮቻችንም አሮጌ ናቸው፤ ጌጥ ሲበዛባቸው አይችሉም።»

«ፍጥነት አይታይም፤ ውበት ግን ይታያል!» አሉ። ግራጫዋ ጠፍታ በምትኳ ያማረ ቁልፍ እንዲሠራ ቃለ ጉባኤ ተያዘ።

በዚሁ መሠረት አዲሱ ቁልፍ በቤተ ልሔም የብራና መጻሕፍት አምሳል ባለ አራት ቀለም ሐረግ ተጎናጸፈ። ማውሱ በተጠጋው ቁጥር ሐረጉ ከሥሩ ጀምሮ እየተጠማዘዘ ይሳላል፣ ከዚያ ያበራል፣ ከዚያ ጥላ ይጥላል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ስታክ አድርጎ ደርቆ ይቀራል። አቶ መሐሪ ሪባን ቆርጠው ባሰሙት ንግግር፣ ገበሬው ከእንግዲህ ወረቀት ሲጠብቅ ባዶ ግድግዳ እንደማያይ አበሰሩ። እውነታቸውን ነው፤ ሐረግ ሲያይ ይውላል።

የዘር እደላው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። እማማ ጌጤ ከጠዋት ጀምሮ እንየው ፊት ቆመዋል። ዝናቡ ጥሏል፣ ማሳቸው አራት ጊዜ ታርሶ ዘር ይጠብቃል፣ መጋዘኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ሐረጉ ገና ግማሽ ላይ ነው። እንየው ከሀፍረቱ የተነሣ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ልጄ፣ ወንድሜ ቁም ጸሐፊ ነው» አሉት። «ሐረጉን በመጽሐፉ አናት አንዴ ይስለዋል እንጂ በየቃሉ አይስለውም። በየቃሉ ከሳለማ ቅዳሴው መቼ ይደርሳል?»

እንየው ማውሱን ያዘ። ግራጫዋን ቁልፍ ደብቋት እንጂ አላጠፋትም ነበር። «የመጣው ይምጣ» ብሎ ሊነካት ሲል አቶ መሐሪ እያለከለኩ ገቡ። የደብረ ታቦር መኪና ሊነሣ ነው፤ ለዞን ሹመት የሚወዳደሩበት ደብዳቤ ግን እርሳቸው ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ላይ በሐረግ ተጠልፎ ቀርቷል።

ወደ እንየው ጆሮ ጎንበስ አሉ። «ያቺን... አመዳሟን፣ ጨርሰህ አጥፍተሃታል?»

«አለች ጋሼ። ግን ሰልፍ አለ፤ ከእማማ ጌጤ ቀጥሎ ነዎት።»

አቶ መሐሪ ተሰለፉ። የእማማ ጌጤ ወረቀት ከች አለ፤ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ወደ መጋዘኑ ሮጡ። ቀጥሎ ግራጫዋ ቁልፍ የአቶ መሐሪን ደብዳቤ በቅጽበት አተመች። ደብዳቤው፣ አመልካቹ ኋላ ቀሯን ግራጫ ቁልፍ ከመሥሪያ ቤቱ ጠራርገው ያጠፉ ቆራጥ መሪ መሆናቸውን ይመሰክራል።