ከዚራና መጋላ በአንድ ሣጥን

(ድሬዳዋ፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት። ከዚራና መጋላ በደረቅ ወንዝ ማዶ ለማዶ ያሉ ሰፈሮቿ ናቸው። የአንድ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል። ኃላፊው ጉግሳ መፍቻ ይዞ ከአንድ የብረት ሣጥን ፊት ቆሟል። የጽዳት ሠራተኛው ሙመድ መወልወያውን ተደግፎ ያወራል።)

ሙመድ፦ ወላሂ ጎረቤቴ የነበረችው ፋዱማ ተለውጣለች! ከመጋላ ለቃ ከዚራ ከገባች ወዲህ ሰላምታዋ እንኳ በአንገት ሆኗል። የከዚራ ሰው ሆናለች።

ጉግሳ፦ አልሆነችም!

ሙመድ፦ አቦ፣ ቤቷ እኮ ከዚራ ነው።

ጉግሳ፦ ስማ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ከዚራ ነው። የመጋላ ሰው ከዚራ ቢገባ፣ ሳቢያን ሰፈር ቢያድር፣ ጅቡቲ ቢሻገር ያው የመጋላ ሰው ነው!

ሙመድ፦ የትም ቢሄድ?

ጉግሳ፦ የትም ቢሄድ! አሁን ዝም በል፣ ዲስክ ሞቶብኛል።

ሙመድ፦ ኢና ሊላሂ! ወንድም አለው?

ጉግሳ፦ መንታ አለው። እዚህ ውስጥ ሁለት ዲስኮች አሉ፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ሌላውም ላይ ይጻፋል። ማሽኑ የገባ ዕለት በከዚራ በኩል ያለውን «ከዚራ»፣ በመጋላ በኩል ያለውን «መጋላ» አልኳቸው። ትናንት ማሽኑ «ከዚራ ሞተ» ብሎ ጻፈልኝ።

ሙመድ፦ መጋላስ?

ጉግሳ፦ ደህና ነው። ከዚራን አውጥቼ አዲስ ስከት፣ መጋላ ያለውን ሁሉ ይገለብጥለታል።

ሙመድ፦ መጋላም ቢሞትስ?

ጉግሳ፦ አፍህን ቁርጥማት ይያዘው! የፋብሪካው መዝገብ በሙሉ ጠፋ ማለት ነዋ! ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳሉ አልሰማህም? «ይህ ከጠፋ ሁርሶ ማሠልጠኛ ገብተህ ወታደር ትሆናለህ» ብለውኛል።

ሙመድ፦ በዚህ ቦርጭ?

ጉግሳ፦ አርፈህ ወልውል! ለመሆኑ ከዚራ ሰፈር ከዚህ በየት በኩል ነው?

ሙመድ፦ በመስኮቱ በኩል።

ጉግሳ፦ ጎበዝ! (በመስኮቱ በኩል ያለውን ዲስክ መፍታት ይጀምራል።)

ሙመድ፦ (ጆሮውን አስጠግቶ) ቆይ አቦ፣ ይሄኛው ያጉረመርማል። የሞተ ያጉረመርማል እንዴ?

ጉግሳ፦ ጣር ነው።

ሙመድ፦ ይሞቃልም።

ጉግሳ፦ ድሬ ላይ ምን የማይሞቅ ነገር አለ?

ሙመድ፦ ባለፈው ሳምንት ግን እኮ...

ጉግሳ፦ ሙመድ! የሠለጠንኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

(ይነቅለዋል። ማሽኑ ጭጭ ይላል። ጉግሳ ደንግጦ መልሶ ይከተዋል። ክርርጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ዝምታ።)

ጉግሳ፦ ምን ሆነ?

ሙመድ፦ አሁን ሞተ።

ጉግሳ፦ የነቀልኩት እኮ ከዚራን ነው!

ሙመድ፦ ኧረ መጋላን ነው! ባለፈው ሳምንት «ጀርባው ጋለ፣ አዙረውና ንፋስ ያግኘው» ብለኸኝ ሣጥኑን አዙሬው የለ? መጋላ ከዚራ ገባ፣ ከዚራ መጋላ ወረደ።

ጉግሳ፦ (ራሱን ይዞ) አንተ ጅል! ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ሙመድ፦ ልነግርህ ነበር። ግን «የመጋላው የትም ቢሄድ ያው የመጋላ ነው» ስትል፣ የምታውቅ መሰለኝ!

(ስልክ ይጮሃል። ጉግሳ ያነሳል።)

ጉግሳ፦ አቤት ጓድ... አዎ ጓድ... ሁለቱም ጓድ... (ስልኩን ዘግቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል።) ሁርሶ አሉ።

ሙመድ፦ (ትከሻውን መታ መታ እያደረገ) አይዞህ አቦ! ሁርሶ ቢያስገቡህም፣ ፀጉርህን ቢላጩህም፣ አንተ ያው የከዚራ ሰው ነህ።